ቁም ሳጥኔ ሞልቷል፣ የምለብሰው ግን የለኝም

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ጉዳዬ ሌሎች ከሚጽፉልዎት አንጻር ቀላል ነው። የልብስ ነገር ነው። ቢያስቅዎትም አልፈርድብዎትም።

ዕድሜዬ 34 ነው። የምሠራው ሒሳብ ክፍል ነው፤ ከጥቂት ወራት በፊት የክፍሉ ኃላፊ ሆኛለሁ። በስምንት ዓመት የምትበልጠኝ እህት አለችኝ። እናታችን ብዙ ጊዜ ታማ ስለነበር ያሳደገችኝ እሷ ናት ማለት ይቻላል። ከልጅነቴ ጀምሮ የምለብሰው ወይ የእሷን ነው፣ ወይ እሷ የመረጠችልኝን። ቅሬታ እያቀረብኩ አይደለም። እህቴ ልብስ ታውቃለች። ያገኘችውን ጣል አድርጋ ስትወጣ እንኳን ሰው ዞር ብሎ ያያታል። ረጅም ናት፤ ትከሻዋ ጠበብ ያለ፣ ደማቅ ቀለም የሚያምርባት። እኔ አጭር ነኝ፤ ትከሻዬም ዳሌዬም ሰፋ ያለ ነው።

አሁን የምትኖረው ሌላ አገር ነው። የሚመጣ ሰው ባገኘች ቁጥር አንድ ሻንጣ ልብስ ትልክልኛለች። ቁም ሳጥኔ አልዘጋ ብሏል። ጠዋት ጠዋት ፊቱ ቆሜ እደርቃለሁ። አንዱን አወጣለሁ፣ እለካለሁ፣ አወልቃለሁ፤ አልጋው ላይ ይከመራል። ከዚያ ሰዓቱ ሲሄድብኝ ያቺኑ ጥቁር ሱሪና ግራጫ ሹራብ ለብሼ እወጣለሁ። አንዳንዴ ራሴ የገዛኋትን የወይን ጠጅ ቀለም ሻርፕ ጣል አደርግበታለሁ።

በቀደም ከስብሰባ ስንወጣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በሰው ፊት እየሳቀች «ኃላፊያችን፣ ከዚህ ሹራብ ሌላ የለሽም እንዴ?» አለችኝ። ክፋት እንደሌላት አውቃለሁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። የዚያን ዕለት ማታ ግን ሱቅ ገብቼ ሦስት ልብስ ገዛሁ። እስካሁን አንዱንም አልለበስኩም፤ የዋጋ ወረቀታቸው እንኳን አልተበጠሰም። አንዱ ቀይ ጃኬት ነው። ቤት ገብቼ ሳየው ቁርጥ የእህቴ ልብስ።

አሁን ያሰብኩት ሁሉንም አውጥቼ ሰጥቼ፣ የአንድ ወር ደሞዜን ይዤ ከዜሮ ልጀምር ነው። ችግሩ እህቴ በሚቀጥለው ወር ልትጠይቀኝ ትመጣለች። «ያ አረንጓዴ ቀሚስ የታለ?» ማለቷ አይቀርም። ሌላው ችግር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምን እንደምወድ አላውቅም። «የአንቺ ስታይል ምንድን ነው?» ብባል መልስ የለኝም። ለጓደኛዬ ብነግራት «በዚህ ዕድሜሽ ለጨርቅ ትጨነቂያለሽ?» አለችኝ። እውነት ከንቱነት ይሆን? ምን ላድርግ?

ልብስ ሞልቶ የምትለብሰው የጠፋት

ውድ እህቴ፣

አላሳቀኝም። እንዲያውም «አብሬ ሳቅኩ» ያልሽበት ቦታ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። በሰው ፊት የተወረወረን ቀልድ ስቆ ማሳለፍና ማታ ላይ ሱቅ ለሱቅ መዞር፣ ሁለቱ በአንድ ቀን ሲሆኑ፣ ነገሩ ዘልቆ እንደተሰማሽ ይናገራሉ።

ከጓደኛሽ ጥያቄ ልጀምር፤ ቶሎ ስለሚያልቅ። ከንቱነት አይደለም። ልብስ ከጠዋት እስከ ማታ ገላሽ ላይ የሚውል ነገር ነው። ትከሻ ላይ እየያዘሽ፣ ስትቀመጪ ወገብሽን እየቆረጠሽ፣ እጅሽን ስታነሺ ወደ ላይ እየተሰበሰበ ስብሰባ መምራት ያደክማል። ጠዋት ልብስ አልጋ ላይ ከምረሽ፣ በራስሽ ተናደሽ ከቤት መውጣትም ያደክማል። ይህ እንዲቀልልሽ መፈለግ ምን ነውር አለው? ጓደኛሽ ምናልባት ይህ ችግር ደርሶባት አያውቅም።

«ምን እንደምወድ አላውቅም» ያልሽው ላይ ግን አልስማማም። የሞላ ቁም ሳጥን ፊት ቆመሽ፣ ሰዓት እየሮጠብሽ፣ ማንም ሳያማክርሽ እጅሽ በየቀኑ የሚሄደው ወደ ሁለት ልብስ ነው። ሻርፑ ሲጨመር ሦስት። ስለ ሻርፑ ገረፍ አድርገሽ ነው ያለፍሽው፤ ቢሆንም ከጻፍሽልኝ ልብስ ሁሉ «ራሴ የገዛኋት» ብለሽ እንደ ወዳጅ ያነሳሻት እሷን ነው። ቀለሟንም ሳትነግሪኝ አላለፍሽም። ምርጫ የሌለው ሰው እንዲህ አይጽፍም። እስከ ዛሬ የጠየቀሽ ሰው አልነበረም፤ አንቺም ራስሽን አልጠየቅሽም።

እስቲ ዛሬ ማታ ያንን ግራጫ ሹራብ አውጥተሽ ብርሃን ላይ ያዢው። አንገቱ ምን ዓይነት ነው? ክብ ነው፣ ሹል ነው፣ ወይስ ጉሮሮ ድረስ የሚዘጋ? የትከሻው ስፌት የት ላይ ያርፋል? እጅጌው እጅሽ አንጓ ላይ ይቆማል ወይስ ሁሌ ትጠቀልይዋለሽ? ታቹ ዳሌሽ ላይ የት ይደርሳል? ከውስጥ በኩል ጎኑ ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ አንብቢ። ጥጥ ነው፣ ሱፍ ነው፣ አክሪሊክ ነው ወይስ ድብልቅ? ሱሪውንም እንደዚያው አድርጊ። ወገቡ ከፍ ያለ ነው ወይስ ዝቅ ያለ? ስትቀመጪ ከኋላ ይከፈታል? እውነተኛ ኪስ አለው ወይስ ለጌጥ የተሰፋ? መልሱን ወረቀት ላይ ጻፊው። ከዚህ በኋላ ልብስ ልትገዢ ስትወጪ ይዘሽ የምትሄጂው ያንን ወረቀት ነው።

ግምቴን ልንገርሽ። ሹራቡ ትከሻሽ ላይ አይጎትትም። ሱሪው እግርሽ ላይ አይከመርም። የእህትሽ ልብሶች ግን ለጠባብ ትከሻና ለረጅም እግር የተሰፉ ስለሆኑ አንቺ ላይ ሁለቱንም ያደርጋሉ። ለዓመታት «እኔ ላይ አያምርም» ስትዪው የኖርሽው ነገር አብዛኛው የልክ ጉዳይ ይመስለኛል።

ልክ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ብዙ ሰው አንገቱን የሚደፋው እዚህ ላይ ነው። የልብስ ቁጥርን እንደ ፈተና ውጤት አትዪው። አሜሪካኖች በ1939 እና በ1940 እ.ኤ.አ. ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን ለክተው ነበር። በዚያ ላይ ተመሥርተው በ1958 ለሴቶች ልብስ አንድ ወጥ የቁጥር ደረጃ አወጡ። ደረጃው ግዴታ አልነበረም፤ በ1983 ጭራሽ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ አምራቹ ሁሉ ቁጥሩን በየፊናው ነው የሚለጥፈው። አንዱ ዘንድ 40 የሆነችው ሴት ሌላው ዘንድ 44 ብትሆን ገላዋ አልተለወጠም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቁጥር ይዘሽ ግቢ፤ ልክሽ የሆነውን ውሰጂ። ቁጥሩ ካናደደሽ ቤት ስትገቢ በመቀስ ቁረጪው፤ ማንም አያየውም።

ስትለኪ መጀመሪያ የምታዪው ትከሻ ነው። ስፌቱ የትከሻሽ አጥንት የሚያልቅበት ቦታ ላይ መዋል አለበት፤ ሆን ተብሎ ሰፊ ሆኖ ካልተሰፋ በቀር። ከዚያ ደረት፤ ቁልፉን ስትቆልፊ በቁልፍና በቁልፍ መሀል መከፈት የለበትም። ከዚያ ተቀመጪ። እውነት ነው የምልሽ፣ መለኪያ ክፍሉ ውስጥ ወንበር ከሌለ ቁጢጥ በዪ። አንቺ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የምትውዪ ሰው ነሽ፤ ቆመሽ የሚያምር ሱሪ ምን ያደርግልሻል? እጅሽን ወደ ፊት ዘርጊ፣ እንደሚጽፍ ሰው። ጀርባሽ ላይ ከተወጠረ ተዪው።

ልብስ ሰፊ ብዙ ተአምር ይሠራል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ሱሪና እጅጌ ማሳጠር፣ ወገብ ማጥበብ፣ ቀሚስ ከጎን መሰብሰብ የተለመደ ሥራ ነው። ማስፋት የሚቻለው ከውስጥ ትርፍ ጨርቅ ካለ ብቻ ነው፤ ልብሱን ገልብጠሽ ስፌቱ ጋ ምን ያህል እንደተተወ እዪ። ትከሻ ማስተካከል ግን እጅጌውን ፈትቶ እንደ አዲስ መግጠም ነው። ገበር ያለው ኮት ከሆነ ደግሞ ልፋቱም ወጪውም ይብሳል። ከእህትሽ የመጣ፣ ትከሻሽ ላይ አልገባ ያለ ኮት ካለ «አንድ ቀን አሠራዋለሁ» ብለሽ አታቆዪው። ያ ቀን አይመጣም።

ሁሉንም አውጥተሽ ሰጥተሽ በአንድ ወር ደሞዝ ከዜሮ ልትጀምሪ ነው። ስሜቱ ይገባኛል። ግን ተይ፣ አሁን አይሁን። አንዱ ምክንያቴ ያ ማታ የሆነው ነው። ተነክተሽ ሱቅ ገባሽ፤ እጅሽ የመረጠው የእህትሽን ጃኬት ሆነ። አይገርምም፤ «ዘናጭ» ሲባል ዓይንሽ ላይ የሚመጣው እሷ ናት። ዛሬ የወር ደሞዝሽን ይዘሽ ብትገቢ ይኸው ነገር በብዛት ነው የሚደገመው። ሁለተኛው ምክንያቴ ደግሞ ከዚያ ክምር ውስጥ አንዳንድ የሚሆንሽ ነገር ይኖራል፤ ገና በደንብ አላየሽውም።

የገዛሻቸውን ሦስቱን በተመለከተ፣ ደረሰኙን ፈልጊና ነገ መልሺ። የሚመልስ ሱቅ ከሆነ ቀን ገደብ አለው። አልመልስም ካለ በሌላ ቀይሪ፤ እሱም ካልሆነ ለሚሆነው ሰው ስጪ። «ገንዘብ ወጥቶበታል» ብለሽ የማትወጅውን ብትለብሺ ገንዘቡ አይመለስም።

ማጣራቱን ደግሞ አንድ ሙሉ ቅዳሜ መስዋዕት አድርገሽ፣ ቤቱን ልብስ በልብስ አድርገሽ አትሥሪው። ሰው ሲደክመው ወይ ሁሉንም ይጥላል ወይ ሁሉንም ይመልሳል። አንድ ማታ ሱሪ ብቻ፣ ሌላ ማታ ቀሚስ ብቻ። እያንዳንዱን ለብሰሽ መስታወት ፊት ቁሚና ይህን ጠይቂ፦ ይህን ልብስ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ባየው፣ የማን እንደነበር ባላውቅ፣ እገዛው ነበር? አዎ ካልሽ ይመለሳል። ልኩ ብቻ የሚቀረው ከሆነ ወደ ልብስ ሰፊ የሚሄድ ከረጢት ውስጥ ይገባል። አይ ካልሽ ከቁም ሳጥኑ ይውጣ። ቆርጦ ለመስጠት ሆድሽ እምቢ ያለውን ካርቶን ውስጥ አድርገሽ፣ ላዩ ላይ ቀኑን ጽፈሽ አልጋ ሥር ክተቺው። ወራት አልፈው አንዴም ካልፈለግሽው መልሱን አገኘሽ።

የተመለሱትን ስትሰቅዪ መስቀያዎቹን በሙሉ በተቃራኒ አቅጣጫ ስቀዪያቸው። አንዱን ለብሰሽ ስትመልሺው ብቻ አዙሪው። ወቅቱ ሲያልፍ የትኛው እንደተለበሰና የትኛው ቦታ ይዞ እንደተቀመጠ መስቀያው ራሱ ይነግርሻል። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ ራስን ለማታለል ስለማያመች ግን እወደዋለሁ። ሹራቦችን ግን አትስቀዪ። በገዛ ክብደታቸው እየተሳቡ ትከሻቸው ላይ እብጠት ያወጣሉ። አጥፈሽ አስቀምጫቸው።

አሁን ወደ እህትሽ። ደብዳቤሽን የጻፍሽው ስለ ልብስ ነው፤ ያስጨነቀሽ ግን የአረንጓዴው ቀሚስ ጥያቄ ይመስለኛል። ያሳደገችሽ ሰው ናት። የላከችውን አልፈልግም ማለት እሷን አልፈልግም ማለት ሆኖ ይታይሻል። እሷስ ምን ይታያት ይሆን? ሻንጣውን የምትልከው ልብስ የሌለሽ መስሏት ነው፣ ወይስ ስለምትናፍቂያት? ከሩቅ ሆኖ ለታናሽ እህት ሌላ ምን ማድረግ እንደሚቻል ስላላወቀችስ ቢሆን? ይህን የምታውቂው አንቺ ነሽ። መልሱ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ከሆነ ሻንጣው ሲቆም በሱ ቦታ የሚገባ ነገር ያስፈልጋል።

ምርጫዎችሽን እንያቸው። ለእንግድነቷ ጊዜ ሁሉን ነገር እንደነበረ ትተሽ፣ አረንጓዴውን ቀሚስ አንድ ቀን ለብሰሽላት ልታሳልፊው ትችያለሽ። ሰላም ይሆናል። ነገር ግን ደስ ብሏት ትመለሳለች፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሻንጣ ሁለት ይሆናል። ወይም ሳትነግሪያት ሰጥተሽ ልትጠብቂያት ትችያለሽ። ያኔ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ስታይ የምትሰሚው ዝምታ ይከብድሻል፤ ውሸትም ሊያመጣ ይችላል። እኔ የምመርጠው ሳትመጣ በፊት በስልክ መንገር ነው። ፊት ለፊት ሲሆን ሁለታችሁም ፊት ታነባላችሁ፣ ትደነግጣላችሁ። በስልክ ተናግረሽ ከዘጋሽ በኋላ ብቻዋን ሆና የምታስብበት ጊዜ ታገኛለች። ስትመጣ ቅሬታው በርዷል።

ንግግሩን አታርዝሚው። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «እህቴ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ ስፈራ ቆየሁ። የምትልኪልኝ ልብስ ብዙው ልኬ አይሆንም፤ ቅር እንዳይልሽ ብዬ ዝም አልኩ። የማይሆነኝን ለሚሆነው ሰው ልሰጥ ነው። አንዳንዱን ግን አንቺ ሳታዪው አልነካም። ስትመጪ አብረን እናየዋለን።» በቃ። «አንቺ እኮ ረጅም ነሽ»፣ «ስታይላችን አይገጥምም» እያልሽ ማስረዳት አትጀምሪ። ማስረጃ ሲበዛ ክርክር ይመስላል።

ቅር ሊላት ይችላል። «ድሮም የኔን ነገር አትወጂም ነበር» ልትልሽ ትችላለች። ያኔ ወዲያው ቃልሽን አትለውጪው። «እወደው ነበር፤ አንቺ ላይ ሲሆን አሁንም እወደዋለሁ» ብትያት እውነት ነው፤ ደብዳቤሽም የሚለው ይህንኑ ነው። ከዚያ ደግሞ መላክ መቻል ለእሷ ትልቅ ነገር ከሆነ በሩን አትዝጊባት። ቦርሳና የአንገት ጌጥ ልክ አይጠይቅም።

አረንጓዴውን ቀሚስ በተመለከተ ግን አንድ ልጠይቅሽ። ወደሽው ታውቂያለሽ? ጨርቁን ወይም ቀለሙን ከወደድሽ፣ ረጅም ቀሚስ ወደ ጉርድ ወይም ወደ አጭር ሸሚዝ መለወጥ ለልብስ ሰፊ ከባድ አይደለም፤ እህትሽም ስትመጣ ለብሰሽው ታገኝሻለች። ካልወደድሽው ግን ትዝታ ስላለው ብቻ መስቀያ ላይ አይዋል። ታጥፎ፣ ከፎቶና ከደብዳቤ ጋር ይቀመጥ። እንዲህ ዓይነት አንድ ሁለት ልብስ ማቆየት ደግ ነው። ሠላሳ ከሆነ ግን ትዝታ ሳይሆን መጋዘን ነው።

አሁን ስለ መግዛት። ጥቂት ልብስ እርስ በርስ እያለዋወጡ የመልበስ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ልብስ ቤት የነበራት ሱዚ ፎ ለደንበኞቿ የምትመክረው ይህን ነበር፤ በ1985 ደግሞ አሜሪካዊቷ ዲዛይነር ዶና ካራን ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚሄዱ ሰባት ልብሶች ብላ አቀረበችው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ላይ ግን አትጨነቂ። በየቦታው የምታዪውን «እያንዳንዷ ሴት ሊኖሯት የሚገቡ ልብሶች» የሚል ዝርዝርም እኔ አልወደውም። ነጭ ሸሚዝ ሁሌ አንደኛ ላይ ይቀመጣል። አንቺ ነጭ ለብሰሽ ቀኑን ሙሉ «ቆሸሸብኝ ይሆን?» እያልሽ የምትውዪ ከሆነ ነጭ ሸሚዝ ምንሽ ነው?

አንቺ ያለሽን ይዘሽ ተነሺ። ጥቁር ሱሪ፣ ግራጫ ሹራብ፣ የወይን ጠጅ ሻርፕ። ሦስቱ እርስ በርስ ይስማማሉ፤ ሳታውቂው ግማሹን መንገድ ሄደሻል። የመጀመሪያው ግዢሽ ያቺኑ ሱሪ የመሰለች፣ በሌላ ጥቁር ነክ ቀለም ትሁን፤ ጥልቅ ሰማያዊ ወይም ድብን ያለ ቡናማ። ሁለተኛው የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሹራብ ወይም ሸሚዝ፤ ያ ቀለም ፊትሽ አጠገብ ሲሆን እንደሚስማማሽ በሻርፑ አይተሻል። ሦስተኛው፣ ኃላፊ ሆነሽ ሰው ስለምታገኚ፣ ትከሻሽ ላይ በትክክል የሚያርፍ ጠቆር ያለ ኮት። ለዚህ ቸኩለሽ አትግዢ። ከሦስቱ ገንዘብም ጊዜም የሚገባው እሱ ነው። የቀረውን ከሁለት ወር በኋላ እዪው፤ ምናልባት ምንም አያስፈልግሽም።

ቀለም ስትመርጪ የሱቅ መብራት አትመኚ። ሁለት ጨርቅ ሱቅ ውስጥ አንድ መስሎሽ ውጭ የተለያየ ቀለም ሲሆን ይታያል። ከተቻለ ወደ በር ወይም መስኮት ይዘሽው ሂጂ፣ አገጭሽ ሥር ያዢው። መጀመሪያ ፊትሽ ታየሽ ወይስ ልብሱ? ልብሱ ከቀደመ ለሱሪ ይሁን፣ ለሸሚዝ አይሁን። ቀዩ ጃኬት ምናልባት ይህ ነው የሆነበት። ጨርቁን በእጅሽ ጨብጠሽ ትንሽ ቆይተሽ ልቀቂው፤ እንደተጨማደደ ከቀረ ስብሰባ ላይም እንደዚያው ነው የሚሆነው። ብርሃን ላይ ዘርግተሽ እዪው፤ ጣትሽ ከኋላው ጥርት ብሎ ከታየ ሳስቷል።

ግራጫው ሹራብ ላይ ትናንሽ ኳስ የሚመስሉ ነገሮች ወጥተው ከሆነ ባልደረባሽ ያየችው እሱን ሊሆን ይችላል። ጨርቁ በሚፋተግበት ቦታ፣ በብብትና በቦርሳ ማንገቻ በኩል፣ አጫጭር ክሮች ወጥተው ስለሚጠላለፉ ነው። ፖሊስተር ያለበት ድብልቅ ላይ የሚብሰው ፖሊስተሩ ጠንካራ ስለሆነ ነው፤ ኳሶቹን ይዞ ያስቀራቸዋል፣ በቀላሉ አይረግፉም። የሹራብ መላጫ የምትባል ትንሽ መሣሪያ አለች፤ ሹራቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ሳትጫኚ ብታዞሪበት አዲስ ይመስላል። ስታጥቢው ገልብጠሽ፣ በቀዝቃዛ ውኃ። ሱሪሽ የሚሳብ ክር ካለበት ደግሞ ከሙቅ ውኃና ከማድረቂያ ማሽን ጠብቂው፤ ሙቀት ያንን ክር ያደክመዋል፣ ከዚያ ጉልበቱ ጋ ይነፋል።

ባልደረባሽ ደግማ ብትቀልድስ? «አዎ፣ ወድጄው ነው» በያትና ወደ ሥራሽ ሂጂ። አንድ ዓይነት ልብስ ደጋግሞ መልበስ ማንንም ትንሽ አያደርግም። አንጌላ ሜርክል ከ2005 እስከ 2021 ጀርመንን ስትመራ ስፌቱ አንድ ዓይነት የሆነ ጃኬት በተለያየ ቀለም እየለበሰች ነው የኖረችው። የሚሆናትን አንድ ቅርጽ አገኘች፣ በቃ። አንቺም ይህን ሳታስቢው ጀምረሽዋል፤ የጎደለሽ ቀለም መቀያየሩ ነው። ስለዚህ የሱሪሽን ቅርጽ አትልቀቂው።

በነገራችን ላይ በሰው ፊት የተባልሽው ነገር አሁንም የሚቆጠቁጥሽ ከሆነ ለባልደረባሽ ብቻዋን ስታገኚያት መንገር ትችያለሽ። «ያን ዕለት የቀለድሽው በሰው ፊት ስለነበር ደስ አላለኝም» ማለት በቂ ነው። ኃላፊዋ ስለሆንሽ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ተናገሪው፤ ቁጣ ከመሰለ ሌላ ነገር ይሆናል። አስፈላጊ ካልመሰለሽ ግን ተዪው፤ ሁሉም ቀልድ መልስ አይፈልግም።

ከዚህ ሁሉ ለዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ ያዢ። አንዱ ለእህትሽ መደወል ነው። ሌላው የልብስ ሰፊው ከረጢት ነው። ልብስ ሰፊ ሥራ ሲበዛበት ቀን ይገፋል፤ እህትሽ ሳትመጣ እንዲደርስልሽ ከአሁኑ ውሰጂለት። ሱሪዎቹን ሲለካልሽ ደግሞ ለሥራ የምታደርጊውን ጫማ አድርገሽ ሂጂ፤ በሌላ ጫማ ከተለካ ርዝመቱ ይሳሳታል፤ አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ አይመለስም።